አደራ አይሸጥም

ስለ ቅርስ መመለስ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል ይከተላል፤ ሎርድ ኤልጊን የአቴናውን የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ቅርጾች ከጥፋት አዳናቸው ይባላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ መጨረሻ መልስ ይቀበለዋል። እኔ አልቀበለውም።

ስጋቱ እውነት እንደነበር አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1687 የቬኒስ ጦር የተኮሰው ጥይት ባሩድ የተከማቸበትን ያን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ መሀሉን አፈረሰው። ከዚያ በኋላም የወዳደቀው እብነ በረድ ለኖራ ይቃጠል ነበር። በቁስጥንጥንያ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ኤልጊን ግን የወደቀውን ብቻ አላስለቀመም። እ.ኤ.አ. ከ1801 ጀምሮ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉሲየሪ የሚመራቸው ሠራተኞች ገና በቦታቸው የነበሩትን ሜቶፖች፣ ማለትም ከአምዶቹ በላይ የተሰኩትን ባለ ቅርጽ ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ ማውረድ ጀመሩ። እነሱን ለማውጣት ከላይ የተጫነውን ክፈፍ ማንሣት ግድ ነበር፤ ክፈፉም ቁልቁል ተጥሎ ተሰባበረ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ዶድዌል ይህን በዓይኑ አይቶ በቁጭት ጽፎታል።

ፍሪዙ ደግሞ ይብሳል። ሕንፃውን እንደ መቀነት የሚዞረው ይህ ቅርጽ በኋላ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፤ የተቀረጸው በግድግዳው በራሱ ድንጋይ ላይ ነው። ለመርከብ ስለከበደ ጀርባውን በመጋዝ ቆርጠው ጣሉት። ቤቴ እሳት ቢነሣ ዕቃዬን የሚያወጣልኝን ጎረቤት እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግነዋለሁ። ምሰሶዬን ነቅሎ የሚሄደውን ግን አዳኝ አልለውም።

ፈቃድ ነበረው ይላሉ። ለዚህ የሚቀርበው ሰነድ የጣሊያንኛ ትርጉም ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሕንፃው ላይ ቅርጽ ንቀሉ አይልም። ኤልጊን ስኮትላንድ ያለውን ብሩምሆል የተባለ ቤቱን በቅርጾቹ ሊያስጌጥ አስቦ ነበር። ዕዳ ሲያጣብቀው እ.ኤ.አ. በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ሸጣቸው። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ከአደጋ ያተረፉት የሰው ንብረት አደራ ነው። አደራን የሸጠ ሰው በእኛ ቋንቋ ስሙ አደራ በላ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ዝርፊያው ሲካሄድ የፓርተኖን ቅርጾች የሚገኙበት የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነበር። ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት ዛሬም በሙዚየሙ ግምጃ ቤት ተዘግቶባቸዋል። ለግሪኮችም ለእኛም ቅርሱ እንዳይመለስ የሚጠቀሰው ሕግ አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1963 የሙዚየሙ አዋጅ። አዋጅ ግን ሰው ያወጣው ነው፤ ሰው ያሻሽለዋል። ቫቲካን እንኳ በእጇ የነበሩትን ሦስት የፓርተኖን ስባሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ለግሪክ መልሳለች።

ከፓርተኖን አጠገብ ካለው ከኤሬክቴዮን፣ ጣሪያ በራሳቸው ተሸክመው ከቆሙት ስድስት የእብነ በረድ ልጃገረዶች አንዷን የወሰዱት የኤልጊን ሰዎች ናቸው። አምስቱ አሁን አቴና በሚገኘው የአክሮፖሊስ ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል። በመካከላቸው የእህታቸው ቦታ ክፍት ነው።