የደርሱ በር ጠባቂ ማነው?



መስጂድ ውስጥ ደርስ ሲቀመጥ ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዘግይቶ የመጣ ሰው ክፍት ቦታ ባገኘበት ይቀመጣል። ጥያቄ ያለው ሸይኹ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። የሚረብሽ ካለ አጠገቡ ያለው ነካ አድርጎ ዝም ያሰኘዋል። ያው ደርስ ወደ ስልካችን ሲገባ ግን ይህ ሁሉ አደብ ጫማ ማውለቂያው ላይ የቀረ ይመስላል።

የዙም ሊንክ ማንም በሚያየው ቻናል ይለጠፋል። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ይገባና መሃል ላይ ሙዚቃ ይለቃል፣ ይሳደባል፣ ሲብስም ነውር ምስል ያሳያል። ኡስታዙ ደንግጠው ደርሱን ይዘጋሉ። ጉዳቱ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከሳቢያን ይሁን ከጅዳ፣ ከሥራ በተረፋት ግማሽ ሰዓት ልትቀራ የገባች እህት ግን ነገ አትመለስም። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ሲያዳምጥ የነበረ አባትም እንዲሁ።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኮሮና ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2020፣ የዙም የቀን ተሳታፊ ከ10 ሚሊዮን ገደማ ወደ 200 ሚሊዮን አሻቀበ። ረባሾችም አብረው ገቡ፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በዚያው ወር መጨረሻ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በኤፕሪል ኩባንያው የይለፍ ቃልና ‘ዋይቲንግ ሩም’ የሚባለው መጠበቂያ ክፍል ከመጀመሪያው በርተው እንዲመጡ አደረገ። በኖቬምበር ደግሞ የሁሉንም ድምፅ፣ ምስልና ጽሑፍ በአንድ ጊዜ የሚያስቆም ቁልፍ ጨመረ።

ልብ በሉ፤ የይለፍ ቃሉም መጠበቂያ ክፍሉም ቀድሞ ነበሩ። የጠፋው የሚያበራቸው ሰው ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትን ከልክሏል። መጠበቂያ ክፍል ማለት ይኸው ኢስቲእዛን ነው።

ስለዚህ የሚያስቀራው አንድ፣ በሩን የሚጠብቀው ሌላ ይሁን። አንድ ሰው ኪታብም ስክሪንም መከታተል አይችልም። ገቢው ሁሉ ማይኩ ተዘግቶ ይግባ፤ ስክሪን ማጋራት ለኡስታዙ ብቻ ይሁን። ቴሌግራም ላይቭም አዲስ ገቢን ዝም አሰኝቶ የሚያስገባ ምርጫ አለው፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያነሳል። የእህቶችን በር እህት ትጠብቀው፤ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ ተብሎ ካሜራ ክፈቱ አይባሉ።

ግን ቁልፉ አማና ነው። ረባሽ ማለት ደርሱን የሚያውክ እንጂ ከባድ ጥያቄ የሚጠይቅ አይደለም። አማርኛው ስላልሞላለት በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የጠየቀን ወንድም ማስወጣት በር መጠበቅ አይደለም፤ በእንዲህ ያለች የብዙ ቋንቋ ከተማ በድሬዳዋ ደግሞ ነውር ነው። አድሚኑ ያልወደደውን ድምፅ ሁሉ ሚዩት ካደረገ ደርሱ የመማሪያ ቦታነቱ ያከትማል።

ኮድ የምትጽፉ ወጣቶችም ድርሻ አላችሁ። ጂትሲና ቢግብሉበተን ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ሊያሻሽላቸው ይችላል። ቢግብሉበተን ተሳታፊዎች በግል እንዳይጻጻፉና አንዱ የሌላውን ስም እንዳያይ መቆለፍ ያስችላል። ለእህቶቻችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀረው ቁልፎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ በግልጽ እንዲነበቡ ማድረግ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ በር ጠባቂ አንዱን ረባሽ አስወጣለሁ ብሎ ሙሉውን ደርስ ሊዘጋው ይችላልና።

የሚቀጥለውን ሊንክ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዛሬ በሩ ላይ ማን አለ? መልስ ከሌለ ሊንኩ ትንሽ ይቆይ።

ወሏሁ አዕለም።