እምነት ወይስ ሥራ? ስለ መኝታ ቤታችን ክርክር



ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ በአንድ መኝታ ቤት የምንኖር ሦስት ተማሪዎች ነን። አንዳችን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ አንዳችን በመካነ ኢየሱስ፣ አንዳችን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አደግን። ከሦስታችን ሃይማኖቱን የለወጠ የለም፤ ለመለወጥ ያሰበም የለም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው «እነዚህ ደግሞ የማን ወገን ናቸው?» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ እንደማይጠፋ ስለምናውቅ ነው።

ከእራት በኋላ በየመኝታ ቤቱ የሚነሣውን ክርክር የማያውቅ ተማሪ የለም። አንዱ ወገን የሮሜን መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 28 ገልጦ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው ይላል። ሌላው የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 24 ገልጦ ያለ ምግባር ሃይማኖት ምን ይረባል ይላል። ነገሩ ከመጽሐፍ ይጀምርና በስድብ ያልቃል። ከአንዱ ወገን «መናፍቅ»፣ ከሌላው ወገን «ወንጌል ያልገባው» የሚል ቃል ይወረወራል። በማግሥቱም ቁርስ ላይ ጠረጴዛ ለይቶ መቀመጥ ይመጣል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ይሰማ ከነበሩት መካከል እኛው ነበርን።

ባለፈው ዓመት የሆነውን እንንገራችሁ። በመኝታ ቤታችን ከሩቅ ወረዳ የመጣ ዝምተኛ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። አልጋው መካከል ላይ ስለ ነበር ሮሜም ያዕቆብም የሚያልፉት ከራሱ በላይ ነበር። አንድ ማታ እንደ ልማዳችን ስንከራከር ልጁ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጦ አየነው። በሁለተኛውም ማታ እንደዚያው ነበር። «ምን ሆነሃል?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አልጋው ባዶ ሆነ። በኋላ እንደ ሰማነው አባቱ በጠና መታመማቸው በስልክ ተነግሮት ኖሮ፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥቶ ሁለት ቀን ቆይቷል። ገንዘቡን የሰጡት በበሩ ፊት ሻይ የሚሸጡት እናት ናቸው። የደረሰው ግን ከቀብሩ በማግሥቱ ነበር። ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ የተከራከርነው ስለ ያዕቆብ 2 ነበር። በዚያው ምዕራፍ፣ ከጠቀስነው ቁጥር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የሚለብሰውንና የሚበላውን ያጣ ወንድም ባዶ እጁን ስለሚሰናበትበት ነገር ተጽፏል። እኛ ግን ዓይናችን ቁጥር 24 ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ክርክሩን ትተን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውም ከጠበቅነው የተለየ ሆነ።

መጀመሪያ፣ ሁለቱ ሐዋርያት የሚናገሩት ለተለያየ ሰው ነው። ጳውሎስ የሚገሥጸው ግዝረትንና የሕግን ሥራ ይዞ በሌላው ላይ የሚመካውን ነው። ያዕቆብ የሚገሥጸው በአፉ አምናለሁ እያለ እጁን የሚሰበስበውን ነው። ሁለቱም አብርሃምን ምስክር ይጠራሉ፤ ዳሩ ግን ጳውሎስ የሚጠቅሰው በዘፍጥረት 15 የተስፋውን ቃል ያመነበትን ቀን ሲሆን፣ ያዕቆብ ይስሐቅን ወደ መሠዊያው ያወጣበትን ምዕራፍ 22 ይጨምርበታል። አብርሃም አንድ ነው፤ የተለየው ዘመኑ ነው። ጳውሎስ ራሱ በገላትያ 5 ቁጥር 6 በፍቅር ስለሚሠራ እምነት ይናገራል። በኤፌሶን 2ም ድኅነት የጸጋ ስጦታ መሆኑን ከተናገረ በኋላ በቁጥር 10 ለመልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን ይጨምራል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ቁጥር 8ንና 9ኝን በቃላችን ይዘን ቁጥር 10 ላይ የምንቆም?

ሁለተኛ፣ «በእምነት ብቻ» የሚለው ክርክር በዚህ መልኩ የተነሣው በአገራችን ሳይሆን በምዕራብ አውሮፓ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1517 ማርቲን ሉተር በዊተንበርግ 95 አንቀጾች ያወጣው ለሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ እየተባለ ይሸጥ በነበረው የሥርየት ደብዳቤ ምክንያት ነው። ድኻው ለልጆቹ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለወረቀት እንዲከፍል መደረጉ አስቈጥቶታል። ስለዚህ ሉተር የተነሣው በምጽዋት ላይ አልነበረም፤ ምሕረትን ሸቀጥ ባደረገ ገበያ ላይ ነበር። እምነት ካለ መልካም ሥራ እንደ ፍሬ መከተሉ እንደማይቀርም አስተምሯል። እርግጥ ነው፣ በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም በሮሜ 3 ቁጥር 28 ላይ «ብቻ» የሚል ቃል ጨምሯል፤ የያዕቆብንም መልእክት አቃልሎ ተናግሯል። በሌላው ወገን የትሬንት ጉባኤ በ1547 የሉተርን ትምህርት ሲያወግዝ፣ ሰው ያለ እግዚአብሔር ጸጋ በገዛ ሥራው ብቻ ሊጸድቅ ይችላል የሚለውንም አብሮ አውግዟል። ሁለቱም ወገኖች ባላንጣቸው ከሚያወራው በላይ ይቀራረቡ ነበር፤ ዳሩ ግን ይህን ለማየት ብዙ ደምና ብዙ ዘመን አለፈ።

ያየውም ዘመን የእኛ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 31 ቀን 1999 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ስለ ጽድቅ ትምህርት የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በራሱ ብቃት ሳይሆን በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ በማመን ነው፤ ያው ጸጋ ደግሞ ልቡን አድሶ ለመልካም ሥራ ይጠራዋል። የ16ኛው መቶ ዘመን ውግዘትም በመግለጫው በተብራራው ትምህርት ላይ አይውልም ተባባሉ። በ2006 ሜቶዲስቶች፣ በ2017 ደግሞ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር በስምምነቱ ተባበሩ። እንግዲህ ጠቡን የጀመሩት ቤቶች ተቀምጠው ሲነጋገሩ እኛ የእነርሱን የቆየ ጠብ ተበድረን በመኝታ ቤት እንቀጥለዋለን።

የአገራችንስ ታሪክ ምን ይላል? በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል። ሉተርም የሥርዓት ልዩነት የእምነትን አንድነት እንደማያፈርስ ገልጦ፣ ክርስቲያኖች ይህን ዲያቆን በፍቅር እንዲቀበሉት የሚለምን ደብዳቤ ሰጥቶታል። ከሦስት ሺሕ ማይል ያላነሰ ርቀት የነበራቸው ሰዎች እንዲህ ከተነጋገሩ፣ በአንድ ክፍል የምናድር ሰዎች ምን ያቅተናል?

ወደ ቤታችንም እንመለስ። የኦርቶዶክሱ ጓደኛችን እናት ዓመቱን በጾም ይፈጽሙታል፤ ነገር ግን «ጾሜ አዳነኝ» ሲሉ ሰምቷቸው አያውቅም። ሁልጊዜ የሚሉት «በቸርነቱ ይማረኝ» ነው። የመካነ ኢየሱሱ ጓደኛችን እናት ደግሞ ጎረቤት ሲታመም ገበያቸውን ትተው ያስታምማሉ፤ «በእምነት ድኛለሁና መሄድ አያስፈልገኝም» ብለው አያውቁም። እናቶቻችን በኑሮ ያስታረቁትን እኛ የተማርነው ልጆቻቸው በጥቅስ እናፋታዋለን።

ይህን መለያየት በጽሑፍ የተቃወመ የአገራችን ቤተ ክርስቲያንም አለ። በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ለውጭ አገር ረጂዎቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ገንዘብ እየሰጡ ወንጌልን ለብቻ የሚያስቀሩትን ወቅሳ፣ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት እንደማይከፈል ተናገረች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊው መንግሥት ቄስ ጉዲናን በሐምሌ ገደለ፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩትን አቡነ ቴዎፍሎስንም ገደለ። ገዳዩ ስለ እምነትና ስለ ሥራ ምን እንደሚያስተምሩ ለይቶ አልጠየቃቸውም። በመከራ ቀን አንድ ላይ የተቈጠሩትን አባቶች በሰላም ቀን ለያይተን መስደቢያ ማድረግ ለእኛ አያምርብንም።

የገዛ ቋንቋችንም ይመክረናል። አማርኛ ለሰው ነፍስም ለተተከለ ችግኝም «ጸደቀ» ይላል። ችግኝ ራሱን አይተክልም፤ የሌላ እጅ ጉድጓድ ቈፍሮለት፣ ውኃ አጠጥቶት ነው። ነገር ግን ቅጠል ያላወጣውን ችግኝ «ጸድቋል» የሚል ገበሬ የለም። ጸጋን የሚያስተምረው ወገን ስለ ተከለው እጅ ይናገራል፤ ምግባርን የሚያስተምረው ወገን ስለ ቅጠሉ ይናገራል። ቃሉ ሁለቱንም ይዟል።

«እንግዲያውስ ሁሉም አንድ ነው ማለታችሁ ነውን?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ ምሥጢራት፣ ስለ ክህነት ያለው ልዩነት እውነተኛ ልዩነት ነው፤ እኛ ሦስታችንም አልተስማማንበትም። የጋራው መግለጫም ቢሆን የፈራሚዎቹን ልዩነት ሁሉ አላስቀረም፤ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ፈራሚ አይደለችም። ልዩነትን መሸፈን ፍቅር አይባልም። ነገር ግን ባላንጣችን ያላለውን አለ ብሎ መክሰስ ውሸት ነው፤ ውሸትም በሁለቱም ወገን ትምህርት ኃጢአት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን በየወሩ አንድ ጊዜ ግልጥ ውይይት ያዘጋጅልን። ሕጉም ይህ ይሁን፦ ማንም ተናጋሪ የሌላውን ትምህርት ባለቤቱ «አዎን፣ እንዲህ ነው የምናምነው» እስኪለው ድረስ አስተካክሎ ሳይናገር መልስ አይስጥ። ሁለተኛ፣ በየመኝታ ቤቱ አንድ የመረዳጃ ሣጥን ይቀመጥ። ሁላችንም እንደ አቅማችን እንጨምርበት፤ ድንገት መንገድ የሚገጥመው ወይም የሚታመም ተማሪ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይጠየቅ ከእርሱ ይረዳ። በእኛ ክፍል ሣጥኑ ተጀምሯል፤ ቁልፉንም የያዘው ያ ዝምተኛ ልጅ ነው።

በበሩ ፊት ሻይ የሚሸጡት እናት የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደ ሆኑ እስከ ዛሬ አልጠየቅናቸውም። ገንዘባቸውን ግን ሦስታችን አዋጥተን መልሰንላቸዋል። የልጁን ሁለት ቀን ግን መመለስ አልቻልንም።