ብቅልና የሕፃናት ገንፎ

በቆቦና በራያ ቆላ የቤቱ ምግብ ማሽላ ነው። 6 ወር ለሞላው ሕፃንም ገንፎው ከዚሁ ዱቄት ሲሠራ፣ ከወፈረ ለመዋጥ ያስቸግረዋል፤ ውኃ በዝቶበት ከቀጠነ ደግሞ ትንሿ ሆዱ ትሞላለች እንጂ ሰውነቱ በቂ ምግብ አያገኝም።

መፍትሔውን ለጠላ ከምናዘጋጀው ብቅል እናገኘዋለን። እህል ርሶ ሲበቅል ኢንዛይም የተባሉ ረቂቃን ሠራተኞች በውስጡ ይበዛሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ አሚላዝ የሚባለው፣ የዱቄቱን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳርነት ይለውጠዋል። ማጭድ አንዱን አገዳ ቆርጦ ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ፣ እርሱም በሥራው አያልቅም፤ ያለ እርሱ እጅግ የሚዘገየውን በደቂቃዎች ይፈጽማል። ይህን ኃይል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. ከብቅል ለይተው ያወጡት ፓየንና ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው።

እንግዲህ ወፍራሙ ገንፎ ከእሳት ወርዶ ጥቂት ከበረደ በኋላ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ያለ ውኃ ይቀጥናል። በሚፈላው ላይ ቢጨመር ግን ኢንዛይሙ ኃይሉን ያጣል። ከቀጠነ በኋላ ለንጽሕናው መልሶ ማፍላት ይገባል። የማሽላ ቡቃያ መርዝነት አለውና፣ እናቶች ሆይ፣ ለሕፃን የሚሆነው ብቅል የገብስ ይሁን።