የአንድ ጅረት ዕጣ

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን የሚያመራው ወደ ዋልያ፣ ወደ ቀይ ቀበሮና ወደ ዝሆን ነው። ለእነርሱ ማሰባችን ተገቢ ነው፤ ትንንሾቹን መዘንጋታችን ግን ዋጋ ያስከፍለናል።

ዳምሰልፍላይ የውኃ ተርብ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ገላዋ ግን ይበልጥ ቀጭን ነው። እጯ የምታድገው በውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ለመተንፈስ የሚረዷት በሆዷ ጫፍ ያሉ ሦስት ቅጠል መሰል ስንጥቦች ናቸው። በደን ጅረት የሚኖሩት ዝርያዎች ጥላና ንጹሕ ውኃ ይሻሉ። ዛፉ ሲቆረጥ ውኃው ይሞቃል፤ አፈሩ ሲሸረሸር ይደፈርሳል።

በታንዛንያ የምትገኘውን አማኒፖዳግሪዮን ጊሊየሲን እንመልከት። ይህች ዝርያ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ የታወቀችውም በምሥራቅ ኡሳምባራ ተራሮች ደን ውስጥ ባለ ጠባብ ክልል ብቻ ነው። የቅርብ ዘመድ የሌላት በመሆኗ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በሥነ ምደባ ለብቻዋ አንድ ቤተሰብ ሰይመውላታል። እርሷ ከጠፋች የሚጠፋው አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን መላው ቤተሰብ ነው።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ያሰፈራት «እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ» በሚለው ደረጃ ነው። ይኸው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው፣ ከተገመገሙት 6,016 የውኃ ተርብና የዳምሰልፍላይ ዝርያዎች መካከል 16 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል።

መዝገብ ግን ጅረትን አያጠልልም። እ.ኤ.አ. በ1997 የአማኒ የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል መቋቋሙ መልካም ርምጃ ነበር፤ ይሁንና በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን ዛፉን ከመጥረቢያ የሚያድነው የአካባቢው ሕዝብ ከደኑ ተጠቃሚ ሲሆን ነው ብለን እናምናለን። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው የሲጊ ወንዝ የታንጋ ከተማ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነው። ስለዚህ የነፍሳቷ ጉዳይ የሰውም ጉዳይ ነው።

በአገራችንም ኢሽኑራ አቢሲኒካን የመሰሉ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖሩ ዳምሰልፍላዮች አሉ። የጥበቃ ደረጃ ሊታመን የሚችለው በየጅረቱ ወርዶ የሚመለከትና የሚመዘግብ ሰው ሲኖር ነው። ለዚህ ደግሞ ማስታወሻ ደብተር፣ መረብና ትዕግሥት ለመነሻ ይበቃሉ።

እናንት የሳይንስ ተማሪዎች! በትምህርት ቤታችሁ አጠገብ የሚፈሰውን ጅረት ታውቁታላችሁን? ያላወቅነውን ልንጠብቅ አንችልምና ከዚያ እንጀምር።