ካፌው ሽፋን አይሁን

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ወንድም ከአምልኮ በኋላ ጠብቆ ምክር ጠየቀኝ። ሚስዮናዊ በይፋ ወደማይገባበት አገር ሄዶ ካፌ ሊከፍት አስቧል። «ካፌው ሽፋን ነው፤ ዋናው ሥራዬ ወንጌል ነው» አለኝ። ቡና መቁላት ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። «እሱ እዚያ ስደርስ ይለመዳል» አለ። ቅን ልጅ ነው፤ እግዚአብሔርንም ይወዳል። እኔን ግን «ሽፋን» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ።

ደንበኛ ባይመጣለት የማይጨነቅ ነጋዴ በጎረቤት ዓይን ምን ይመስላል? ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅ፣ ትርፍና ኪሳራ አያስጨንቀው። ሰላይ ነው ቢሉት ምን ይፈረድባቸዋል? እውነትን ልነግራችሁ መጣሁ የሚል ሰው በንግድ ፈቃዱ ከዋሸ የቀረውን ማን ያምነዋል? ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር የተቀመጠው ሙያቸው አንድ ስለነበረ ነው፤ ድንኳን ይሰፉ ነበር። የሰፉትም ድንኳን ዝናብ ማስገባት የለበትም።

ወንጌልንና ሙያን በማጣመር እጅግ ከደከሙት መካከል የባዝል ሚስዮን ሰዎች ይገኛሉ። ማኅበሩ በ1815 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ተመሠረተ። በደቡብ ሕንድ፣ ማንጋሎር ላይ ሲሰብኩ፣ ወንጌልን የተቀበለ ሰው ከዘመዱና ከጎሳው ተቆርጦ እንጀራውን ያጣ ነበር። የተራበን አማኝ ጸልዮ ብቻ መሸኘት አይቻልም። ስለዚህ ሽመና ቤት ከፈቱ፤ በ1860ዎቹ ደግሞ ጆርጅ ፕሌብስት የተባለው ሚስዮናዊ የጣራ ሸክላ ፋብሪካ አቋቋመ። ከወንዝ ዳር የተቆፈረው ጭቃ ተቦክቶ፣ ተጨፍልቆ፣ ተተኩሶ፣ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ቀይ ሸክላ ይሆናል፤ የፋብሪካውም ስም ይታተምበታል። የማንጋሎር ሸክላ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል። ሸክላውን የገዛው ሂንዱ ሃይማኖት አልገዛም፤ የማያፈስ ጣራ ገዛ። ለእኔ ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ሰባኪው አሠሪም ሆነ። ደሞዝህን የሚቆርጥልህ ሰው ወንጌል ሲነግርህ «አልፈልግም» ለማለት ምን ያህል ነፃ ነህ? ከዚህ የባሰም አለ። የሞራቪያ ወንድሞች የተባሉት ሚስዮናውያን በ1768 ሱሪናም ውስጥ የጀመሩት፣ በኋላ ከርስተን የተባለው የንግድ ቤት በባሮች ጉልበት ይሠራ ነበር። በዚያ አገር ባርነት የተሻረው ገና በ1863 ነው። ነፍስ ልናድን መጣን ያሉ ሰዎች የሰውን ሥጋ ባሪያ አድርገው አሠሩ። ይህን ታሪክ በሚስዮን ትምህርት ቤቶቻችን ሳንሸፋፍን ማስተማር አለብን።

ወንጌልና ሙያ ሲደባለቁ የሚመጣውን ፈተና የእኛም አገር ያውቀዋል። ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን መጽሐፍ ቅዱስ ሊያዳርሱ መጥተው፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ጋፋት ላይ መድፍ አቀለጡ። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩት እነሱ ናቸው። ሙያህ የማንን ዓላማ እንደሚያገለግል ቀድመህ ካላወቅህ፣ ሌላው ይወስንልሃል።

ለወጣቱ የነገርኩት ቀላል ነው፦ አንድ ዓመት ሰው ቤት ተቀጥረህ ቡና ቁላ፣ ሒሳብ ያዝ፣ ከዚያ ተመለስና እንነጋገር። ሚስዮናዊ ለምትልኩ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ልመና አለኝ። እጅ ጭናችሁ ከመላካችሁ በፊት የሥራ ዕቅዱን ገልጣችሁ እዩ። በአገሩ ሕግ ግብር ይከፍላል? ወንጌሉን እምቢ ያለችው አስተናጋጅ ደሞዟን ከሌሎቹ እኩል፣ በዚያው ቀን ታገኛለች? መልሱን ሳትሰሙ ትኬት አትቁረጡለት።