ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ኮልካታ፡- የፍቅሩ ተፈራ ጉዞ ለአገር ውስጥ ክለቦች ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 12 ቀን 2014 በኮልካታ ሶልት ሌክ ስታዲየም የሕንድ ሱፐር ሊግ የመክፈቻ ጨዋታ ሲካሄድ፣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነችውን ግብ በ27ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው ኢትዮጵያዊው አጥቂ ፍቅሩ ተፈራ መሆኑ ይታወሳል። የተሰለፈበት አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ በዕለቱ ሙምባይ ሲቲን 3 ለ 0 ያሸነፈ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን ኬራላ ብላስተርስን 1 ለ 0 በመርታት የሊጉ የመጀመሪያ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

ይሁን እንጂ የሊጉን የግብ መዝገብ የከፈተው ፍቅሩ በፍጻሜው ጨዋታ ሜዳ ውስጥ አልነበረም። በቀጣዩ የውድድር ዘመንም የታየው በኮልካታ ሳይሆን ጣሊያናዊው ማርኮ ማተራዚ ያሠለጥነው በነበረው ቼናይይን ክለብ ነው። ይህም ክለብ እ.ኤ.አ የ2015ን ዋንጫ አንስቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነው ይህ ሁሉ የአንድ ተጫዋች ገጠመኝ ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወጥተው በውጭ ሊጎች የተጫወቱ ስፖርተኞች ሕይወት ምን እንደሚመስልና ከመነሻ ክለቦቻቸው ጋር ያላቸው ትስስር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የሚያመለክት ነው።

ፍቅሩ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ካመራ በኋላ በተለያዩ ዓመታት የኦርላንዶ ፓይሬትስን፣ የሱፐርስፖርት ዩናይትድን፣ የፍሪ ስቴት ስታርስንና የቢድቬስት ዊትስን ማሊያ ለብሷል። ከአፍሪካ ውጪም በቼክ ሪፐብሊክ ለምላዳ ቦሌስላቭ፣ በፊንላንድ ለኩፕስ፣ በቬትናም ለታን ሆዋ ተጫውቷል። በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ ሊጎች በዚህ ስፋት የተዘዋወሩ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ጥቂቶች ናቸው።

በየአገሩ የጠበቀው የሥራ ሁኔታም የተለያየ ነበር። የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር በ8 ክለቦች መካከል ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት ብቻ የሚካሄድ፣ ለቴሌቪዥን ተመልካች የተዘጋጀ አጭር ውድድር ነበር። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ዴል ፒዬሮ፣ ፈረንሳዊው ዴቪድ ትሬዜጌና ስዊድናዊው ፍሬድሪክ ሊዩንበርግ በጡረታቸው ዋዜማ በሊጉ ተሰልፈዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ውድድር የተጫዋቹ ውል የሚለካው በወራት በመሆኑ፣ አንድ ጉዳት ወይም አንድ የአሠልጣኝ ውሳኔ የዓመቱን ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። በአንጻሩ የደቡብ አፍሪካው ፕሪሚየር ሊግ ወራትን የሚዘልቅ መደበኛ ውድድር በመሆኑ የተሻለ መረጋጋት ይሰጣል።

ከፍቅሩ ሌላ የሚጠቀሱት ተጫዋቾች የተጓዙበት መንገድም እርስ በርሱ ይለያያል። ሳላዲን ሰዒድ ከሙገር ሲሚንቶና ከቅዱስ ጊዮርጊስ በኋላ ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ የተዛወረ ሲሆን፣ በወቅቱ ከዋዲ ደግላ ጋር በአንድ ባለሀብት ሥር በነበረው የቤልጅየሙ ሊርስም ተጫውቷል። እ.ኤ.አ በ2014 ታላቁን የካይሮ ክለብ አል አህሊን፣ በ2015 ደግሞ የአልጄሪያውን ኤም ሲ አልጀርን ተቀላቅሎ በመጨረሻ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመልሷል። ሽመልስ በቀለ ግን ከሊቢያ ቆይታው በኋላ በአንድ አገር ሊግ መርጋትን መርጧል። በግብጽ ፔትሮጄት፣ ምስር ኤል ማቃሳና ኤል ጎውና ክለቦች ለዓመታት በመጫወት በዚያ ሊግ ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኗል። ጌታነህ ከበደም ከደደቢት ተነስቶ እ.ኤ.አ በ2013 ወደ ቢድቬስት ዊትስ አምርቷል።

እነዚህ ተጫዋቾች ለብሔራዊ ቡድኑ ያበረከቱት አስተዋጽኦ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 2012 በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳን 2 ለ 0 ስትሸነፍ ግቦቹን ያስቆጠሩት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ሲሆኑ፣ ውጤቱ ኢትዮጵያን ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መልሷታል። በቀጣዩ ዓመትም ብሔራዊ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር እስከ ተደረገው የመጨረሻ የማጣሪያ ምዕራፍ መድረሱ አይዘነጋም። የውጭው ልምድ በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ፍሬ እንዳፈራ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጥያቄው ያለው በክለብ ደረጃ ነው። ተጫዋቹን አሠልጥኖ ለዚህ ያበቃው ክለብ ምን አገኘ?

ጥያቄው ለመንግሥት ሠራተኛውና ለኃላፊው ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ የሚገኙ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች፣ በመንግሥት የልማት ድርጅቶችና በሌሎች የመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ለተጫዋች የሚከፈለው ደመወዝ በአመዛኙ የሕዝብ ገንዘብ በመሆኑ ነው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን የተወሰነው። አፈጻጸሙ ሲያከራክር ቢቆይም ውሳኔው የወጪውን መናር የተገነዘበ ነበር። ነገር ግን ውይይቱ ወጪን በመቀነስ ላይ ብቻ ሲያተኩር፣ የገቢው ጎን የሚገባውን ትኩረት ሳያገኝ ቀርቷል።

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊፋ) ደንብ ለአሠልጣኝ ክለቦች 2 ዓይነት መብት ይሰጣል። የመጀመሪያው የሥልጠና ካሣ ነው። አንድ ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ሲመዘገብ፣ ከዚያም 23 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት ማብቂያ ድረስ ከአገር አገር በተዛወረ ቁጥር፣ ከ12 እስከ 21 ዓመት ዕድሜው ያሠለጠኑት ክለቦች ካሣ እንዲያገኙ ይደነግጋል። ሁለተኛው በተለምዶ የአጋርነት ክፍያ የሚባለው ሲሆን፣ ተጫዋቹ ውሉ ሳያበቃ በክፍያ ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች የሚከፋፈልበት ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ተጫዋች በ200 ሺህ ዶላር ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ቢዛወር ለአሠልጣኞቹ የሚከፋፈለው 10 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ለእያንዳንዱ ዓመት ከዝውውሩ ዋጋ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ባለው ደግሞ 0.5 በመቶ ይታሰባል። በዚህ ስሌት ልጁን ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያሠለጠነ ክለብ 2 ሺህ ዶላር፣ ከ16 እስከ 19 ዓመቱ የያዘው ደግሞ 4 ሺህ ዶላር ያገኛል። ገንዘቡ ለአንድ ትልቅ ክለብ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ለአንድ የወረዳ ክለብ ግን የኳስ፣ የማሊያና የጉዞ ወጪን የሚሸፍን ነው። ከሁሉ በላይ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ተጫዋቹ ውል እያለው በክፍያ በተዛወረ ቁጥር የሚደጋገም በመሆኑ፣ ብዙ ክለቦችን የሚያዳርስ ተጫዋች ለመነሻ ክለቡ ቀጣይ የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

መብቱ ግን በራሱ አይመጣም። በቅድሚያ ክለቡ በፌዴሬሽኑ የታወቀና ተጫዋቹን በስሙ ያስመዘገበ መሆን አለበት። ፊፋ እ.ኤ.አ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ መቀመጫውን በፓሪስ ባደረገ የክፍያ ማጣሪያ ተቋም አማካይነት ገንዘቡን የሚያስተላልፈው የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ በኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት መልክ አጠናቅሮ ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ዓመት አይቆጠርም። በሁለተኛ ደረጃ የውል ጉዳይ አለ። ውሉ አብቅቶ በነጻ የሚሄድ ተጫዋች የአጋርነት ክፍያ አያስገኝም። የአገር ውስጥ ውሎች አጫጭር በሆኑ ቁጥር ክለቡ ባዶ እጁን የመቅረት ዕድሉ ይሰፋል። በሦስተኛ ደረጃ ጊዜ ይገድባል። የይገባኛል ጥያቄው መነሻ ከሆነው ጉዳይ 2 ዓመት ያለፈውን አቤቱታ የፊፋ የዳኝነት አካል አያይም።

የሰነድ አያያዝ ጉድለት የሚያስከትለውን አደጋ ለመረዳት የክለቦችን ዕጣ ፈንታ መመልከት ይበቃል። በ2005 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን የነበረው ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዷል። ክለቦች ሲዳከሙ ወይም አመራር ሲለዋወጥ የተጫዋቾች ማኅደር በአንድ ሰው መሳቢያ ተቆልፎ ከነበረ አብሮ ይጠፋል። ልጁ ከዓመታት በኋላ ካይሮ ወይም ጆሃንስበርግ ሲደርስ ማን እንዳሠለጠነው የሚያስረዳ ወረቀት አይገኝም።

ጉዳዩ በአማራ ክልል ሰሜናዊ ክፍልም ተጨባጭ ትርጉም አለው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ በኋላ አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄ ኤስ ካቢሊ አምርቷል። ለዚሁ ክለብ የተጫወተው ሱራፌል ዳኛቸውም እ.ኤ.አ በ2024 በአሜሪካ ለሎዶን ዩናይትድ ፈርሟል። ከጎንደር ወደ ውጭ የሚወስደው በር ተከፍቷል ማለት ነው። ከጎንደር በስተሰሜን በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙት ዳባትና ደባርቅ፣ ከሰሜን ተራሮች ሥር ያለችው የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ብርሃን ታዳጊዎች ወደዚህ በር የሚደርሱት በአቅራቢያቸው ባለው የታዳጊ ወጣቶች ፕሮጀክትና የወረዳ ቡድን በኩል ነው። በመካነ ብርሃን በ12 ዓመቱ ሥልጠና የጀመረ ልጅ በ16 ዓመቱ ወደ ጎንደር ቢወርድ፣ እነዚያ 4 ዓመታት በመዝገብ ካልሰፈሩ ለወረዳው ስፖርት እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ።

የሚያስፈልገው ሥራ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ፕሮጀክቱ በፌዴሬሽኑ በታወቀ ክለብ ሥር እንዲታቀፍ ማድረግ፣ ታዳጊውን በትክክለኛ የልደት ማስረጃ መመዝገብ፣ ከክለብ ክለብ ሲዛወርም መልቀቂያውን ሰንዶ ማስቀመጥ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሥራ የተለየ ክህሎት አይፈልግም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀበሌ ደረጃ በመሰጠት ላይ መሆኑ የዕድሜ ማረጋገጫን ጉዳይ ያቀለዋል። የወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ከወሳኝ ኩነት ምዝገባና ከትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተቀናጅተው ቢሠሩ የዕድሜ ማጭበርበርን ለመከላከልም ይረዳል።

በሌላ በኩል ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ለሜዳና ለአሠልጣኝ ነው የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ውኃ የሚቋጥር ነው። ሜዳ በሌለበት የተጫዋች መዝገብ ብቻውን ፍሬ አያፈራም። ሆኖም ሁለቱ የሚጋጩ አይደሉም። ሜዳው ገንዘብና ጊዜ ሲጠብቅ መዝገቡ በዛሬው ዕለት ሊጀመር ይችላል። ዛሬ ያልተመዘገበውን የ12 ዓመት ልጅ ታሪክ ከ10 ዓመት በኋላ በበጀት መልሶ መግዛት አይቻልም።

ሌላው ትኩረት የሚሻው የተጫዋቹ የራሱ ደኅንነት ነው። በባዕድ አገር በወራት የሚለካ ውል የሚፈርም ወጣት የውሉን ቋንቋ፣ የጉዳት ሕክምና ወጪን ማን እንደሚሸፍንና ውሉ ቀድሞ ቢቋረጥ ምን እንደሚያገኝ አውቆ ሊሄድ ይገባል። ፊፋ እ.ኤ.አ ከ2023 ጀምሮ ወኪሎች ፈተና አልፈው ፈቃድ እንዲይዙ የሚያስገድደውን አሠራር መልሶ ያስጀመረ በመሆኑ፣ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የወኪሉን ፈቃድ ሳያረጋግጡ ተጫዋቻቸውን መሸኘት የለባቸውም። ከዚህ አኳያ ተጫዋቹ የሚሄድበትን ሊግ ባህርይ ማወቁም ወሳኝ ነው። በአንድ ሊግ ረግቶ መጫወትና በየዓመቱ አገር መቀያየር እኩል ገቢ ቢያስገኙ እንኳ፣ በሰውነት ላይ የሚያሳርፉት ጫናና ለነገ የሚተዉት ዋስትና እኩል አይደለም።

በጥቅሉ ፍቅሩ ተፈራና መሰሎቹ የተጓዙት ረጅም መንገድ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች በየትኛውም አኅጉር ተፈላጊ ሊሆን እንደሚችል አስመስክሯል። እነርሱ መንገዱን የጠረጉት በአብዛኛው በግል ጥረታቸው ነው። ቀጣዩ ትውልድ በዚያው መንገድ ሲሄድ የሥልጠና መዝገቡን፣ የተጣራ ውሉንና የክለቡን ክትትል ይዞ እንዲሄድ ማድረግ የክለብ አመራሮች፣ የፌዴሬሽኑና በየደረጃው ያሉ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ነው። ይህ ሲሆን በሕዝብ ገንዘብ የተዘራው በሕዝብ ሜዳ ላይ ተመልሶ ይታጨዳል።