«ሰላም ቲቸር» ብቻውን ኢሜይል አይደለም

የማመልከቻ ወቅት ሲደርስ የኢሜይል ሳጥኔ ይሞላል። የድሮ ተማሪዎቼ ስትጽፉልኝ ደስ እንደሚለኝ በቅድሚያ ይታወቅልኝ። ግን ብዙው ኢሜይል እንዲህ ነው፦ «ሰላም ቲቸር፣ እንዴት ነህ? ቤተሰብ ሰላም?» አለቀ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» እላለሁ። በማግስቱ «ደህና ነኝ፤ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» ይመጣል። «ምንድነው?» በአራተኛው ቀን ጉዳዩ ይወጣል። የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ነገ!

ይሄ ስንፍና አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ሰላምታ ሳያደርሱ ወደ ጉዳይ መግባት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ ወጉ ያምራል፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። በኢሜይል ግን እያንዳንዱ «እንዴት ነህ» አንድ ቀን ይበላል። እኔ የማምነው የምትፈልጉትን በመጀመሪያው ኢሜይል ጥርት አድርጎ መናገር ራሱ አክብሮት እንደሆነ ነው። ሰውየው አስቦ፣ ጊዜውን አይቶ «እሺ» ወይም «አይመቸኝም» እንዲል ዕድል ትሰጡታላችሁ።

«ይሄ የፈረንጅ አጻጻፍ ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም! ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ከላይ ቀን፣ ቀጥሎ «ለ» ተብሎ ተቀባዩ፣ መሃል ላይ ከሥሩ ተሰምሮበት «ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ»። መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር»፣ ከታች «ግልባጭ»። ሰብጀክት ማለት «ጉዳዩ» ነው። ሲሲ «ግልባጭ» ነው። አታችመንት «አባሪ» ነው። ሁሉም ነበረን፤ ከወረቀት ወደ ስልክ ስንሻገር «ጉዳዩ»ን መንገድ ላይ ጣልነው። ዛሬ ሰብጀክቱ ባዶ የሆነ ወይም «ሃይ» የሚል ኢሜይል ስንቱን ጥያቄ አስቀርቷል።

ከማመልከቻው ልንተወው የሚገባም አለ። «ክቡርነትዎ ጉዳዬን በጥሞና ተመልክተው፣ በተለመደው ቀና ትብብርዎ…» እያልን ሰባት መስመር ስንጓዝ ጥያቄው ይጠፋል። አንድ «በትህትና እጠይቃለሁ» ይበቃል። «አንተ» ልበል «እርስዎ» ብላችሁ ከተጨነቃችሁ «እርስዎ» በሉ፤ ተከብሮ የተቀየመ ሰው አላየሁም።

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛ ትህትናው ግሱ ውስጥ ነው፦ «ላክልኝ»፣ «ብትልክልኝ»፣ «ቢልኩልኝ»። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ይሄ ሁሉ ይረግፍና «ሴንድ ሚ» ብቻ ይቀራል። እናንተ በትህትና አስባችሁት እዚያ ትእዛዝ ሆኖ ይነበባል። «ኩድ ዩ» የምትለዋን አትርሱ።

ቀንና ሰዓት ላይማ ቀልድ የለም። ሴፕቴምበር 30 አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 20 ላይ ይውላል። ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ ተርጉሞ «እስከ መስከረም 30 ይድረስልኝ» የሚል ተማሪ ዕድሉን በ10 ቀን አሳለፈው ማለት ነው። ሰዓትም እንደዚያው ነው። «3 ሰዓት» ስትሉ ውጭ አገር ላለ ሰው የእኛው ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን በምን ይወቅ? በእሱ አቆጣጠር እኮ 9 ሰዓት ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ የማን አገር ሰዓት እንደሆነም ጨምሩ።

እኔ ቢደርሰኝ ደስ የሚለኝ ይሄን የመሰለ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የሪኮመንዴሽን ጥያቄ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30

ጤና ይስጥልኝ መምህር። በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ያስተማሩኝ እገሌ ነኝ። ለማስተርስ እያመለከትኩ ስለሆነ ሪኮመንዴሽን ቢጽፉልኝ ብዬ ነው። የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 30 (መስከረም 20) ነው። ሲቪዬንና ትራንስክሪፕቴን አያይዣለሁ። የማይመችዎት ከሆነ ሌላ ሰው እንድጠይቅ እስከ አርብ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ይኸው ነው። ሰላምታው አለ፣ ማንነቱ አለ፣ ጥያቄው አለ፣ ቀኑ አለ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በተለይ እወዳታለሁ፤ እምቢ ለማለትም በር ከፍታለች።

ነገሩን ሁሉ በልጆቹ ላይ መጫን ግን ተገቢ አይመስለኝም። አለቃ፣ አስተማሪ፣ የሰው ኃይል ኃላፊ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ወጣቱ «እንዴት ነህ» እያለ ዙሪያውን የሚዞረው ቀጥታ የጠየቀ ዕለት «ምን ያለው ደፋር ነው» ስለተባለ ነው። ወይም ጭራሽ መልስ ስላላገኘ። ሥራ አመልክቶ ወር ሙሉ ስልኩን የሚያይ ልጅ ስንት አለ? «ደርሶኛል፣ ሰኞ እመልስልሃለሁ» ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «አልተሳካም» የሚለውም ቢሆን ከዝምታ ይሻላል፤ ሰውየው ቁርጡን አውቆ ሌላ በር ያንኳኳል።

እና የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስትጽፉልኝ ቤተሰቤን ጠይቁ፤ ደስ ይለኛል። ጉዳዩንም እዚያው ላይ ጻፉት። ዘንድሮ የምታመለክቱ ካላችሁ፣ የላካችሁትን ወይም ልትልኩት ያሰባችሁትን ኢሜይል ስም አጥፍታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት፤ አብረን እናስተካክለዋለን።